የመሪጌታ ዶቅዶቄ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ከጥርስ ሐኪም ደጅ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል አጠገቤ መጥታ ቆመችና ጢሷን ፊቴ ላይ ለቀቀችው። ባለሞተሩ ጎልማሳ ደንገጥ ብሎ፣ "ይቅርታ አባባ፣ ዘይት እየበላች አስቸግራኝ ነው" አለኝ። እኔ ግን መቆጣቱ ቀርቶ ጢሱን ደግሜ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲቃጠል የሚሰጠው ያ ሽታ ከአፍንጫዬ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ልጨዋወተው ብዬ "ልትሸጣት ነው እንዴ?" ብለው ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን አሳየኝ። አጥቧታል፣ ጎማዋን ሳይቀር ቀለም ቀብቷታል፣ ከፎቶዋም ሥር "ምንም እንከን የሌለባት" ብሎ ጽፏል። "አሁን ዘይት ትበላለች አላልከኝም?" አልኩት። "እርስዎ እኮ ገዢ አይደሉም አባባ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴን ሊነቅሉልኝ ሲጠሩኝ እንኳ የማስበው ስለ ጥርሴ አልነበረም። ሐሳቤ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከዚያችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋንዛ ግንድ ጋር በገመድ ታስራ ከቆመች ዶቅዶቄ ዘንድ ደርሶ ነበር።

ያኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ፤ ዘመቻውና ስብሰባው ተደራርቦ አንዱ ካንዱ ይምታታብኛል። የሻዩን ዋጋ ግን አልስትም፤ አሥር ሳንቲም ነበር፣ በወተት ሲሆን ስሙኒ። (ባለቤቴ ይርገዱ ይህን ስታነብ "አሥራ አምስት ነበር" ማለቷ አይቀርም፤ እሷ ሻይ የምትጠጣው ሽንዲ ስለነበር ነው።) አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ጓደኛውን ጋብዞ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ መልስ ይዞ ይገባል። ልብሳችን ከላይ ጠበብ ያለ የቴትረን ሸሚዝ፣ ከታች አቧራውን የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ነበር። ሱሪያችንን የሚሰፋልን ልብስ ሰፊ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከጎኑ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ፣ ቀጥሎ ብስክሌት የሚያከራይ። ባለካሴቱ የሰልፍ ዜማ ጮክ አድርጎ ከፍቶ ይቆይና ካድሬው ጥግ ሲታጠፍለት ወደ ፍቅር ዘፈን ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ልብስ ሰፊውም የስፌት መኪናውን ፔዳል በዘፈኑ ልክ ይረግጠዋል። ሱሪዬ አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ይሰፋ የነበረው ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፣ ከሥሩ ባንክ አለ። በዚያ ሳልፍ እግሬ ሳላዘው ዘገም ይላል።

ይርገዱን ያገባኋት በዚያው ዘመን ነው፣ በጥር። የቋሪት ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ዳምጤ ከገበዝ ማርያም ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ጤና ረዳትነት ተምራ እንደ ጨረሰች መንግሥት ሽንዲ ክሊኒክ መደባት፣ እኔን ፍኖተ ሰላም አስቀረኝ። አሁን በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው። ያኔ ግን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በአውቶቡስ፣ ከቡሬ ሽንዲ ደግሞ እህል ሊጭን የሚሄድ መኪና ከተገኘ በጆንያ ላይ፣ ካልተገኘ በእግር ነበር። ቅዳሜ ጧት ተነስቼ ስደርስ ይመሻል፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ለሰኞ ትምህርት እንድደርስ እመለሳለሁ። በወር አንዴ ከተያየን ጥሩ ነው። ዝውውር ብንጠይቅ ማመልከቻውን የተቀበለን ሹም "አገሪቱ ያለችበትን ሁኔታ እያወቃችሁ የጎጆ ነገር ታወራላችሁ?" ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ይርገዱ በደብዳቤዋ አታማርርም። "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቷል፣ ካልሲህን ረስተህ ሄድህ" ብላ ትጽፋለች። አንብቤ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እንዲህ ሆነን ዓመት አለፈን። በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ አቶ ዳምጤ በቅሏቸውን እየሳቡ ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጥተው አስጠሩኝ። ይግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ልጀ ባል አላት ወይስ የላትም?"

"አላት እንጂ አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው?"

"እኔማ ያየሁት የለም። ጎረቤቶቿም ያዩት የለም። ዓመት ሙሉ ዝም ብየ ሰነበትሁ፤ ከእንግዲህስ ዝም ማለት ነውር ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ሽንዲ እሄዳለሁ። አንተን እዚያ ካገኘሁህ እሰየው። ካጣሁህ ልጀን ይዠ አገሬ እገባለሁ፤ መንግሥት የፈለገውን ያድርገኝ።"

ይህን ብለው በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። ቀልደኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቀልድ ነው ብዬ እጽናና ነበር።

ሞተር ሳይክል ልግዛ ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው። በዚያ ዘመን አዲስ ሞተር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆነ የሚያገኝ የለም፤ በግለሰብ እጅ ያለው ሁሉ ከኔ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነበር። እሱንም ለማግኘት ያየሁት ፍዳ አይረሳኝም። አንዱ ነጋዴ ጓሮው ወስዶ ሁለት ጎማ፣ አንድ መሪና አንድ ኮርቻ አሳየኝ። "ሞተሩስ?" ብለው "እሱ መራዊ ወንድሜ ዘንድ ወፍጮ ያዞራል፣ ከተስማማን ይመጣል" አለኝ። ሌላው ዘንድ ዋጋ ተቆርጦ እጅ ከተማታን በኋላ ሚስቱ "ሙሽራ ሆኜ የመጣሁባትን አትሸጥም" ብላ ደጁን ዘጋችው፤ እንዲያውም እኔን ነው ስትረግም የዋለችው። የሦስተኛው ሞተር ደህና ነበረች፣ ሊብሬዋ ግን ድሮ ከአገር በወጣ አንድ የውጭ ሰው ስም ነው። "ሊብሬ ምን ያደርግልሃል? የምትነዳው ወረቀት ነው?" አለኝ። ሁሉም ደግሞ "ትናንት አንድ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቶኝ እምቢ ብዬ ነው" ይላሉ። ያ የትናንት ሰው በምዕራብ ጎጃም ያለውን አሮጌ ሞተር ሁሉ ከኔ አንድ ቀን ቀድሞ ሲዞር ከርሟል፤ አንድም ግን ገዝቶ አያውቅም። ጾሙ እየተጋመሰ፣ ቅዳሜዪቱም እየቀረበች ሄደች።

በመጨረሻ ወደ መሪጌታ ጥበቡ የላከኝ አንድ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። መሪጌታ ቡሬ አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። ሞተሯ የታናሽ ወንድማቸው የጥላዬ ነበረች፤ በሥራ ወደ ደቡብ ሲዛወር ትቶላቸው፣ ኋላ "ይሽጧት" ብሎ ጻፈላቸው። ስደርስ ከዋንዛው ጋር በጠፍር ገመድ ታስራ ቆማለች። ቀለሟ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ የተቀባ ስለሆነ የየት አገር ሥሪት መሆኗን ማንበብ አይቻልም። "መሪጌታ፣ ምነው አሰሯት?" አልኳቸው። "ካላሰርኋት ትሄዳለች" አሉኝ። ጨዋታ መሰለኝና ሳቅሁ።

መሪጌታ ከከብት ገበያ ወግ በቀር ሌላ የመሸጫ ሕግ አያውቁም። እዚያ ገበያ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ነውሯን ለገዢው መናገር አለበት፤ ትራገጥ እንደሆነ፣ ትደነብር እንደሆነ በምስክር ፊት ይናገራል። ከተናገረ በኋላ ገዢው ተመልሶ ቢመጣ ጥፋቱ የገዢው ነው። ስለዚህ ሁለት የቅኔ ተማሪዎቻቸውን ምስክር አድርገው አቆሙና እጃቸውን በኮርቻው ላይ ጫኑ።

"ስማ መምህር፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፣ ነውሯን ሳልነግርህ አልሸጥልህም። ይህች ዶቅዶቄ መቆም አታውቅም። ደግሞም ውኃ አትፈልግም። ነግሬሃለሁ፤ ሰማህ?"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሆኜ አስኳላ ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። ከመጀመሪያው ከጉባኤ ቃና አልዘለልኩም፤ ኩራቱ ግን የድጓ መምህር የሚያህል ነበር። መሪጌታ "ነውሯ" ሲሉኝ በልቤ ፈገግ አልኩ። "እኚህ ሊቅ ሰሙን ነውር አድርገው ወርቁን ምስጋና አደረጉት፤ መንገድ ላይ ተበላሽታ ቆማ አታውቅም፣ እንደ መኪናም ውኃ ጨምሩልኝ አትልም ማለታቸው ነው" ብዬ ፈታሁት። በቅኔ ሰዎች ዘንድ ደግሞ "ምን ማለትዎ ነው?" ብሎ መጠየቅ ድንቁርናን በአደባባይ ማወጅ ነው። ስለዚህ እንደ ገባው ሰው ራሴን ሁለት ጊዜ ነቀነቅሁ። ምስክሮቹም አዩኝ። ለሠርጌ የተሰጠኝንና ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ስምንት መቶ ብር ሰጠኋቸው። መሪጌታ ሞተሯን ፈቱልኝ፣ የሸጠ ሰው የከብቱን ገመድ ለራሱ እንደሚያስቀር ገመዱን ጠቅልለው ያዙና መረቁኝ። ተማሪዎቹ ገፍተው አስነሱልኝ።

ወርቁን ያገኘሁት ከዚያ ግቢ ብዙ ሳልርቅ፣ ወደ አስፋልቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ምንም የለም። የእጁን ጨበጥኩ፣ እጀታው እንደ ተላጠ ሙዝ ልፍስፍስ አለ። "ዘወር በሉ፣ አትቆምም" እያልኩ እየጮኽኩ በአህዮቹ መካከል አለፍኩና ከመንገዱ ዳር የተከመረ የጤፍ ጭድ ውስጥ ከነሞተሬ ገባሁ። ጭዱ ባይኖር ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። የጭዱ ባለቤት አቶ አለኸኝ የሚባል የአዊ ተወላጅ ገበሬ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሮጦ መጥቶ በእግሬ ጎተተኝ። ደህና መሆኔን ሲያይ ለሚስቱ በአገውኛ አንድ ነገር አላትና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳላት ብጠይቀው፣ "ዶቅዶቄም ጭድ ትበላለች ወይ ነው ያልኋት" አለኝ። ለተበተነው ጭድ ካሣ ልስጥህ ብለው ተቆጣ። ጠላ አጠጥተው፣ ከጸጉሬ ላይ ገለባውን ለቅመው ሸኙኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ዘንድ ነበርኩ። ጉልበቴ አብጧል፣ ሱሪዬ ተቀድዷል። እሳቸው ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ከሁለቱ ምስክር ተማሪዎች ጋር ቆመዋል።

"መሪጌታ፣ ፍሬን የላትም እኮ" አልኳቸው።

"መቆም አታውቅም ብየህ የለም?"

"እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ተበላሽታ አታውቅም ማለትዎ መስሎኝ።"

"ታዲያ ራስህን ምን አስነቀነቀህ? ራሱን ለሚነቀንቅ ሰው ወርቁን መንገር ስድብ ነው። እኔ ተምሯል ብየ አከበርሁህ።" ያበጠውን ጉልበቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ገንዘብህ አልተነካም፣ ከሳጥኔ አለ። ካላሻህ እሷን መልስና ውሰድ።"

ይህን እንደሚሉኝ አልጠበቅሁም ነበር። ያ ሁሉ ሻጭ ሲያንገላታኝ ከርሞ አንድ ሰው ገንዘቤን ልመልስልህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ግን ፋሲካ ቀርቧል፣ ሌላ ሞተር የለም፣ አቶ ዳምጤም ቃላቸውን አያጥፉም። "የለም፣ ትሁንልኝ፣ እለምዳታለሁ" አልኩ።

"እንግዲያውስ ሁለተኛይቱንም ነውር ልተርጉምልህ?"

ሁለቱ ተማሪዎች እያዩኝ ነበር። "እሷስ ገብታኛለች" አልኳቸው።

እንዲህ ሆነን ከሞተሯ ጋር ኑሮ ጀመርን። ፍኖተ ሰላም ያለው መካኒክ ከጭነት መኪና የፍሬን ሸራ ቆርጦ ገጠመላት፤ ሳምንት አልቆየም። ለሷ የሚሆን መለዋወጫ በአገሩ የለም፣ ቢኖርም ስሟን ስለማናውቅ ብለን የምንጠይቀው የለንም። ስለዚህ በማርሽና በጫማዬ ሶል ማቆም ተማርኩ። ሽንዲ ክሊኒክ በር ላይ ለመቆም ከገበያው ጀምሬ ማርሽ እቀንሳለሁ። ስም ማዛወሩም አልሆነም፤ ባለ ስሙ ጥላዬ በአካል ይቅረብ ተባልን፣ እሱ ደግሞ ያለው የአገሪቱ ሌላ ጫፍ ነው። ኬላ ላይ ፈታሹ ሊብሬውን ገልጦ "ጥላዬ?" ሲለኝ "አቤት" እላለሁ። ይርገዱ ይህን ከነገርኳት ወዲያ በር ላይ ስትቀበለኝ "አቶ ጥላዬ፣ ደህና ገባህ?" ትለኝ ጀመር። ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሦስት ቅዳሜ ተከታትዬ ሄድኩ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ከነበሩኝ ደጋግ ቀኖች ውስጥ እነዚያ ሦስቱ አሉበት። ዳገት ላይ ስትደክም ሳልጠራው መጥቶ የሚገፋኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ሞፈር የተሸከመ ገበሬ ሞፈሩን አስቀምጦ፣ ዳዊቱን በማኅደር ያነገተ ቄስ ነጠላውን አጣፍቶ ይገፋኛል። ስሜን የጠየቀኝ፣ ምን ትሰጠኛለህ ያለኝ የለም። ያን መንገድ ዛሬ በሚኒባስ ስሄድበት ከመስኮቱ እያየሁ "እዚህ ተገፍቻለሁ፣ እዚህም" እላለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ሰዎች ግራ ይገባቸዋል።

የተቀጠረችው ቅዳሜ ደረሰች። አርብ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ነበረብን፣ መቅረት አይቻልም። እኔ ግን አልተጨነቅሁም፤ ሞተር ያለው ሰው ነኝ። በኩፖን ያገኘሁትን ቤንዚን ዘይት ቀላቅዬ ሞልቼ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። አቶ ዳምጤ በቅሏቸውን ሳይጭኑ፣ ገና ረፋድ ላይ፣ ክሊኒኩ ደጅ እገተራለሁ ብዬ ነበር። ቡሬን አልፌ ገጠር ገባሁ። ሌሊቱን ላይኛው አገር ያለጊዜው ዘንቦ ኖሮ፣ ሁልጊዜ በድንጋይ ድንጋዩ የምሻገረው ወንዝ እስከ ጉልበት ሞልቷል። ብዙም አልነበረም፣ አህዮች ይሻገሩታል። በድፍረት ገባሁ። መሐል ላይ ስደርስ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳለችና ጸጥ አለች። ጫማዬ ውስጥ ውኃው እየገባ፣ መሪውን ይዤ እንደቆምኩ ነው "ውኃ አትፈልግም" ያሉኝ ድንገት የበራልኝ።

ጎትቼ አወጣኋት። ካንዴላዋን ፈትቼ በሸሚዜ ጠረግሁ፣ ነፋሁባት፣ ገፋሁ፣ ለመንኳት። አልነሳ አለች። ጸሐይዋን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ። ከዚያ መሪውን ይዤ መግፋት ጀመርኩ። ጭቃው ከጎማው ጋር እየተጣበቀ፣ ቁልቁለቱ ላይ እሷ እኔን እየጎተተች፣ ዳገቱ ላይ እኔ እሷን እየገፋሁ፣ ያን የመሰለ ቀን አይቼ አላውቅም። የሚገፋኝ እንዳይኖር የፋሲካ ሳምንት ነው፣ ገበሬው ሁሉ ከየዘመዱ ቤት ጠላው ላይ ነው። እኩለ ቀን ሲያልፍ "አሁን ጭነዋል" አልኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን "አሁን ተነስተዋል" አልኩ። ከዚያ በኋላ የቀረልኝ መንገዱን ማየት ብቻ ነበር፤ ከፊት ለፊቴ በቅሎ የሚስቡ ሽማግሌና አንዲት ሴት ሲመጡ እንዳላይ እየፈራሁ ገፋሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ አልደብቅም።

ሽንዲ ስደርስ ዐሥር ሰዓት አልፏል። ክሊኒኩ በር ላይ በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። በጎኗ የይርገዱ ቡናማ ሻንጣ በገመድ ታስሯል። አቶ ዳምጤ ልጓሙን ይዘዋል፣ ይርገዱ ነጠላዋን ተከናንባ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። የክሊኒኩ ዘበኛ "መጣ፣ መጣ" አለ። ሞተሯን ከግንቡ አስደግፌ ቆምኩ። አቶ ዳምጤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ቀጥሎ ሞተሯን አዩ።

"ከየት ጀምረህ ነው የገፋሃት?" አሉኝ።

"ከወንዙ።"

"ለምን ከገበሬ ቤት አስቀምጠህ በእግርህ አልመጣህም? ቀትር ሳይሆን ትደርስ ነበር።"

አሰብኩት። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ስገፋ ይህ ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም።

"አላሰብኩትም አባባ" አልኩ።

ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መሰለኝ፤ ስትስቅ ኖሯል። አቶ ዳምጤ ጎንበስ ብለው ጎማዋ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ኋላ ወደ ዘበኛው ዞሩ።

"የሞተ ብረት ሜዳ ላይ ጥሎ መምጣት የማይሆንለት ሰው ልጀን ጥሎ አይሄድም። እስኪ ይችን በቅሎ አራግፍልኝ" አሉ።

ሻንጣውን በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ ተሸክመው ይርገዱ ክፍል አስገቡት። ያን ሌሊት ሦስታችንም አንድ ገበታ ላይ በላን፤ እኔ እጄ ተላልጦ ስለነበር ይርገዱ እያጎረሰችኝ።

ከዚያ በኋላ ዝውውሩ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ጠበቅን። ይርገዱ ፍኖተ ሰላም ስትገባ ሞተሯ ሥራ ፈታች፤ ልሸጣት አወጣሁ። መሸጥ ከመግዛት የባሰ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ የደረሰብኝ በማንም አይድረስ ብዬ "ፍሬን የላትም፣ ውኃ ከነካት ትሞታለች፣ ሊብሬዋም በስሜ አይደለም" ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። በኛ አገር እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው ያስፈራል። አንዱ ገዢ "ይህን ሁሉ ከነገረኝ የደበቀኝ ምን ያህል ቢሆን ነው" ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሌላው የምናገረውን ሁሉ እንደ ቅኔ እየፈታ "ገባኝ፣ ገባኝ" እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ጊዜ እኔው ራሴ አልሸጥም አልኩት። ዓመት ተኩል ደጄ ላይ ዶሮ ሰፈረባት። በመጨረሻ የገዛት ያ የጭዱ ባለቤት አቶ አለኸኝ ነው፤ ወፍጮ ሊያዞርባት። ነውሯን ስዘረዝርለት ጨርሼ ሳልናገር አቋረጠኝ። "መምህር፣ ከቤት የሚቆም ወፍጮ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ከወንዝስ ምን አገናኘው?" አለ። ከሰማሁት ንግግር ሁሉ እንዲህ የጠራ ሰምቼ አላውቅም። በሁለት አህያ በሚሳብ ጋሪ ላይ ጭኖ ይዟት ሄደ።

እኔና ይርገዱ በር ላይ ቆመን ሸኘናት። "የሆነስ ሆኖ ያን ቀን አንቺን ያስቀረችልኝ እሷ ናት" አልኩ።

"እኔን ማንም አላስቀረኝም" አለች ይርገዱ ጋሪውን እያየች። "ሻንጣው ባዶ ነበር።"

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "የቱ ሻንጣ?"

"በቅሎዋ ላይ የነበረው። አባየ ሁለት ቀን ተጉዘው መጥተው እንዴት ብየ አልሄድም እላቸዋለሁ? ሻንጣውን ሰጠኋቸው። እስከ ወንዙ ሸኝቸ፣ እዚያ እግራቸው ላይ ወድቄ ልመለስ ነበር ያሰብሁት።"

"ታዲያ አባትሽ ባዶ መሆኑን አላወቁም?"

"አባየ አይደሉ የጫኑት?" አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የክሊኒኩ ዘበኛ የነገረኝን ማስታወስ ጀመርኩ። ሽማግሌው ከእኩለ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ ጸሐዩ ይብረድ፣ አንድ ጊዜ በቅሎዋ ውኃ አልጠጣችም፣ አንድ ጊዜ ኮርቻው ተዛብቷል እያሉ ሲፈቱና ሲጭኑ ነበር የዋሉት። እኔ እርጅና ነው ብዬ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ሻንጣውን እንዳነሱት ልጃቸው ምን እንደቆረጠች በክብደቱ አውቀዋል። ቃላቸውን ሳያጥፉ የሚመለሱበት መንገድ ብቻ ነበር የጎደላቸው፤ እሱን የሚያመጣላቸው ሰው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ብረት እየገፋ ነበር።

ማመስገን ፈለግሁ፤ አቶ ዳምጤ ግን በዚያው ዓመት ኅዳር አርፈው ነበር። እሳቸውን ሳስብ የሚመጣብኝ የዚያ ምሽት አንድ ነገር ነው። ሻንጣውን አስገብተው ሲወጡ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብዬ፣ "አረፈድኩብዎ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"አላረፈድህም" አሉኝ። "እየጠበቅንህ ነበር።"